አማካሪው ከሄደ በኋላ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሙያ ነው። የባንክ ሕግ የሚያረቅቁ፣ ማዕከላዊ ባንክ የሚያደራጁ፣ የምንዛሪ ሥርዓት እንዴት እንደሚለወጥና የከሰረ ባንክ እንዴት እንደሚዘጋ ለመንግሥታት እየመከሩ ከአገር አገር የሚዘዋወሩ ሰዎች ሙያ። በዓለም ባንክ፣ በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ በልማት ባንኮችና በግል አማካሪ ድርጅቶች ሥር ይሠራሉ። ከእናንተ መካከል ኢኮኖሚክስ፣ ሒሳብ ወይም ሕግ ያጠናችሁ ወጣቶች ይህን ሙያ ብትመኙ ተገቢ ምኞት ነው፤ ጥሩ ሆኖ ሲሠራ ከዚህ ሙያ የሚበልጥ ጥቅም ለአንድ ደሃ አገር የሚሰጥ ብዙ የለም። እኔ የምከራከረው ስለ መለኪያው ነው። የአማካሪ ሥራ ሊመዘን የሚገባው ባስረከበው ሪፖርት ጥራት ወይም ባስፀደቀው አዋጅ ብዛት አይደለም። እሱ ከሄደ በኋላ ያገሩ ባለሙያ ሥራውን ብቻውን ማስኬድ፣ የሚቀጥለውንም አማካሪ ምክር መርምሮ ካስፈለገ “ይህ ለእኛ አይሆንም” ማለት መቻሉ ነው መለኪያው። ይህ በየሙያው የሚነገር የወግ ንግግር እንዳይመስላችሁ። ድልድይ አላፊ አግዳሚው ባያምንበትም ይቆማል፤ ባንክ ግን የሚቆመው አስቀማጮቹ እስካመኑበት ድረስ ብቻ ነው። እምነት ደግሞ ያገር ነገር ነው። ሕዝቡ ማንን እንደሚያምን፣ ምን ሲያይ እንደሚደነግጥ፣ ትናንት ማን እንደከዳው የሚያውቀው እዚያው የኖረ ሰው ነው። በምናገረው ሁሉ ዘመኑን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሙያው ታሪክ ከኤድዊን ኬመረር ይጀምራል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ኬመረር በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ በ1920ዎቹ በላቲን አሜሪካ “የገንዘብ ሐኪም” እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ከጥቂት ባለሙያዎች ጋር ይመጣሉ፣ ጥቂት ወራት ይቆያሉ፣ ማዕከላዊ ባንክን፣ የባንክ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትንና በወርቅ ላይ የተመሠረተ ገንዘብን የሚያቋቁሙ ረቂቅ ሕጎች አስረክበው ይሄዳሉ። ኮሎምቢያ በ1923፣ ቺሊ በ1925፣ ኢኳዶር በ1927፣ ቀጥሎም ቦሊቪያ፣ ፔሩ ደግሞ በ1931 በዚህ መንገድ አልፈዋል። ሕጎቹ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሄዱ እጅግ ይመሳሰሉ ነበር። መንግሥታቱ እሳቸውን የሚጠሩት ምክሩን ፈልገው ብቻ አልነበረም፤ የኬመረርን ሥርዓት የተከለ አገር ከኒው ዮርክ ገበያ ብድር በቀላሉ ያገኝ ስለነበረ ጭምር ነው። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲመጣ ግን የሕጉ ትእዛዝ አንድ ብቻ ሆነ፦ ወርቁ እንዳይወጣ ብድር ይጥበብ፣ ወለድ ይጨመር። ቡናው፣ ናይትሬቱና ቆርቆሮው ገዢ ባጣበት ሰዓት ይህ በሽታውን የሚያባብስ መድኃኒት ነበር። በ1931 እና በ1932 አምስቱም አገሮች ከወርቅ ሥርዓቱ ወጡ፤ ብድሩንም መክፈል ያቆሙት ብዙዎቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። የኬመረር የወርቅ ሕግ ሞተ፤ የመሠረቷቸው ማዕከላዊ ባንኮች ግን እስከ ዛሬ አሉ። የቆዩበት ምክንያት ያገሮቹ ሰዎች ተረክበው በየጊዜው ስላሻሻሏቸው ነው እንጂ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ ፍጹም ስለነበረ አይደለም። ይህን ትምህርት በቶሎ የተረዱት የቤልጅግ ተወላጁ ሮበርት ትሪፊን ነበሩ። ከአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ተልከው በ1940ዎቹ ፓራጓይን ሲያማክሩ፣ ድርቅና የገበያ መውደቅ ሲመጣ ያገሩ ባንክ ራሱ አመዛዝኖ የሚወስንበት ቦታ ያለው ሕግ አረቀቁ። ሕግ አርቃቂው ለሚቀጥለው ወሳኝ ቦታ መተው እንዳለበት ማወቃቸው ለዚህ ሙያ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ወደ እኛ የሚያቀርበን ሌላ የሙያ መንገድ አለ፤ ብዙ ባይነገርለትም ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር እሱ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1943 ሥራ ሲጀምር አገሪቱ ውስጥ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የሕንድ ሩፒና የጣሊያን ሊሬ ባንድ ገበያ ይዘዋወሩ ነበር። በሐምሌ 1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ። ወረቀት ብቻውን ያን ገበያ አያሸንፍም ነበር፤ ቀደም ሲል የአቢሲኒያ ባንክ ያወጣው ኖት ከአዲስ አበባና ከነጋዴዎች እጅ ርቆ አልሄደም። ጠገራን የለመደ ገበሬ ገንዘቡን ድንጋይ ላይ አቃጭሎ ድምፁን የሚሰማ፣ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን የፈርጥ ነጥቦች በጣቱ የሚመረምር ሰው ነው፤ የጠቆረና የተዛነፈ ሲያገኝ ይመልሳል። ስለዚህ ከወረቀቱ ጋር የሃምሳ ሳንቲሙ ሳንቲም ከብር ማዕድን ተሠርቶ ወጣ፤ ሌሎቹ ሳንቲሞች መዳብ ሲሆኑ እሱ ብቻ ነጭ ብር ሆነ። ገበሬው በእጁ መዝኖ፣ አቃጭሎ ያመነው ሳንቲም ለወረቀቱ ዋስ ቆመለት። ሥርዓቱ የተተከለው ሕዝቡ ያመነበትን ነገር ሳይነጥቅ፣ በእሱ ላይ በመንጠላጠል ነው።

በዚያ ዘመን ከኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዢዎች አንዱ የነበሩት አሜሪካዊው ጆርጅ ብሎወርስ፣ በ1952 በጂዳ የተከፈተው የሳዑዲ ዓረቢያ የገንዘብ ኤጀንሲ የመጀመሪያ ገዢ ሆኑ። ኤጀንሲውን ያቋቋመውን ቡድን የመሩት አርተር ያንግ ነበሩ፤ ያንግ ደግሞ በ1929 ከኬመረር ቡድን ጋር ወደ ቻይና ሄደው፣ ቡድኑ ሲመለስ እዚያው ቀርተው ዓመታት ያሳለፉ ሰው ናቸው። በጂዳ የጠበቃቸው ችግር እንዲህ ነው። የኤጀንሲው ቻርተር ወለድ መቀበልንና መክፈልን፣ የወረቀት ገንዘብ ማውጣትንም ይከለክላል። በአገሩ የሚዘዋወረው የብር ሪያልና የወርቅ ሳንቲም ነው፤ በየዓመቱ ለሐጅ የሚመጣው ሕዝብ ከባድ የብር ሳንቲም በከረጢት ተሸክሞ ይጓዛል። ክልከላውን አሰርዙ ብሎ መሟገት ይቻል ነበር፤ ቸኩሎ የመጣ አማካሪ ይህን ያደርጋል። እነሱ ግን በ1953 “የሐጃጆች ደረሰኝ” አወጡ። ኤጀንሲው ለተቀበለው የብር ሪያል የሚሰጠው፣ በበርካታ ቋንቋዎች የተጻፈ፣ በማንኛውም ጊዜ መልሶ በሳንቲም የሚቀየር ተራ ደረሰኝ ነው። ሐጃጁ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ደረሰኙ ግን ገበያ ውስጥ ቀረ። ነጋዴው ከሳንቲሙ ይልቅ እሱን መረጠ። ሕዝቡ ወረቀትን በገዛ ፈቃዱ ከተቀበለ ከዓመታት በኋላ፣ በ1961 መንግሥት በይፋ የወረቀት ሪያል አወጣ። የሃይማኖትን ሥርዓት ያከበረ፣ የሕዝብን ልማድ ቀስ ብሎ ያሻገረ እንዲህ ያለ ሥራ በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም። ወጣት ሆኜ ሙያውን ዛሬ ብጀምር ከብዙ የመማሪያ መጻሕፍት በፊት ይህን ደረሰኝ አጠና ነበር።

አሁን ተቃራኒውን እንይ። በ1997 በእስያ የገንዘብ ቀውስ ጊዜ ኢንዶኔዥያ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር ተስማማች፤ በስምምነቱ መሠረት በኅዳር 1 ቀን 16 ባንኮች ተዘጉ። ምክሩ ከመጽሐፍ አንጻር ስሕተት አልነበረም፤ ባንኮቹ የከሰሩ ነበሩ፣ ትንንሽም ነበሩ። ለአስቀማጮች የተሰጠው ዋስትና ግን እስከ 20 ሚሊዮን ሩፒያ ብቻ ነበር፤ የቀሩት ባንኮች ጤነኞች ስለመሆናቸውም ሕዝቡ የሚያምነው ማረጋገጫ አልተሰጠውም። የጃካርታ አስቀማጭ የተረዳው “16 ተዘጉ፣ የሚቀጥለው የእኔ ነው” ብሎ ነው። ገንዘቡን ከግል ባንኮች እያወጣ ወደ መንግሥትና ወደ ውጭ ባንኮች ወሰደ። በጥር 1998 መንግሥት ለሁሉም ተቀማጭ ሙሉ ዋስትና ለመስጠት ተገደደ፤ በግንቦት ፕሬዝዳንት ሱሃርቶ ከሥልጣን ወረዱ። ባንኮቹን ለማዳን የወጣው ወጪ የአገሪቱን ዓመታዊ ምርት ግማሽ ያህል ነበር። ያን ወጪ አማካሪው አልከፈለም፤ ለመክፈልም አይጠየቅም። በሙያው ውስጥ ያለው ትልቁ ጉድለት ለእኔ ይህ ነው፦ ምክሩ ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው መካሪው ሳይሆን አስቀማጩ፣ ግብር ከፋዩና ሥራ ያጣው ነው። የሚከፍለው ሰው ምክሩን የመመርመር አቅም ከሌለው ነገሩ ፍትሕ የለውም።

ጠንካራ ተቃውሞ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ያገር ሰው ያገሩን ያውቃል ይባላል እንጂ፣ ያገር ሰው የራሱንም ጥቅም ያውቃል። ከተዘጉት 16 ባንኮች በአንዱ የፕሬዝዳንቱ ልጅ ድርሻ ነበረው፤ ብዙም ሳይቆይ በሌላ ባንክ በኩል ሥራውን ቀጠለ። ከውጭ የሚገፋ ባይኖር ያን ባንክ ለመዝጋት ማን ይደፍር ነበር? ይህ እውነት ነው፤ ልሸሸው አልፈልግም። በብዙ አገር የውጭ አማካሪ ዋና ጥቅሙ ዕውቀቱ ሳይሆን የማንም ዘመድ አለመሆኑ ነው፤ የማዕከላዊ ባንክ ሠራተኛ በግሉ የሚያውቀውን ግን ሊጽፈው የማይችለውን ነገር እሱ ይጽፈዋል። ነገር ግን የኢንዶኔዥያው ታሪክ ራሱ እንደሚያሳየው፣ ግፊቱ ባንኩን ለአንድ ቀን ዘጋው እንጂ ልጁን አላስቆመውም። የባለ ሥልጣን ዘመድን የሚያስቆመው ቋሚ ደመወዝና የሕግ ከለላ ያለው፣ ሰነዱን የሚያገላብጥ፣ አማካሪው ከሄደ በኋላም በነጋታው ቢሮ የሚገባ ተቆጣጣሪ ነው። ስለዚህ የውጭ ድፍረት ሊውል የሚገባው ያን ተቆጣጣሪ ለማቆምና ለመከላከል ነው፤ ተክቶት ለመሥራት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የባንክ ቁጥጥር ሳይንስ ነው፣ የካፒታል መጠንና የብድር ጥራት መለኪያ በሁሉም አገር አንድ ነው፣ የሕዝብ ልማድ ምን አገባው የሚል ነው። ከእስያው ቀውስ በኋላ በ1999 የገንዘብ ድርጅቱና የዓለም ባንክ የየአገሩን የፋይናንስ ዘርፍ በጋራ የሚመዝኑበት መርሐ ግብር ጀመሩ፤ ጠቃሚ ሥራም ሠርተዋል። ይሁንና በ2006 አየርላንድን የመዘነው ቡድን ባንኮቹን ጤነኛ ብሎ ወጣ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ መንግሥት የባንኮቹን ዕዳ በዋስትና ያዘ፤ በ2010 ደግሞ አየርላንድ የ85 ቢሊዮን ዩሮ የእርዳታ ብድር ውስጥ ገባች። ቁጥሮቹ በመለኪያው አልተሳሳቱም ነበር፤ ደብሊን ውስጥ የቤት ዋጋና የባንክ ብድር እርስ በርስ እየተሳሳቡ ምን ያህል እንደወጡ ግን መለኪያው ብቻውን አላሳየም። መለኪያ ያስፈልጋል፤ ለጥያቄ መነሻ የሚሆን እንጂ ለጥያቄ መዝጊያ የሚሆን አይደለም።

ይህን ይዘን ወደ ቤታችን ስንመጣ ነገሩ ለማንም ወገን ደስ የሚያሰኝ አይሆንም። በ1997 የገንዘብ ድርጅቱ ኢትዮጵያ የፋይናንስ ገበያዋን እንድትከፍት፣ ትልቁን የመንግሥት ባንክም እንድትከፋፍል ይፈልግ ነበር። መንግሥት እምቢ አለ፤ የብድር ፕሮግራሙም ተቋረጠ። ያኔ የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ጆሴፍ ስቲግሊዝ በ2002 ባወጡት መጽሐፍ ለኢትዮጵያ ወግነው ክርክሩን ዘርዝረውታል። የግል ባንክ የተፈቀደው በ1994 ነበር፤ ተቆጣጣሪው ገና ጀማሪ ነበር። እምቢታው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። እምቢታ ግን ጊዜ ይገዛል እንጂ የተገዛው ጊዜ ላይ የሚሠራውን ሥራ አይሠራም። ከ2011 እስከ 2019 የግል ባንኮች ካበደሩት 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደዱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች ያበደረው ተከማችቶ፣ በ2024 ሸክሙን በመቶ ቢሊዮኖች በሚቆጠር የመንግሥት ቦንድ ማቃለል ግድ ሆነ። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ የገንዘብ ድርጅቱም የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። ያኔ የተባለው ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ተደረገ፣ ምነው ያኔ በተሰማ የሚል ሰው ይኖራል። መልሴ ያኔም አሁንም የጎደለው አንድ ነገር ነው የሚል ነው፦ ምክሩን ራሱ መርምሮ፣ ቅደም ተከተሉን ራሱ አውጥቶ፣ የራሱን መንግሥትም “ይህ ብድር አይመለስም” ለማለት ነጻነት ያለው ያገር ተቋም። ለውጭ መካሪ እምቢ ያለው ባለሙያ ለሚኒስትሩም እምቢ የሚልበት ቦታ አልነበረውም።

እንዲህ ያለ ተቋም በአፍሪካ አይቻልም የሚል ካለ ኬንያን ይይ። ሳፋሪኮም በ2007 ኤምፔሳን ሲጀምር ከብሪታንያ የልማት ገንዘብ ድጋፍ ነበረው፤ የመጀመሪያው ሐሳብም የጥቃቅን ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። በሙከራው ጊዜ የገጠመው ግን ሌላ ነው፦ ሰዎቹ ገንዘቡን እርስ በርስ ይላላኩበት ጀመር። ፕሮጀክቱን የያዙት ሰዎች በሥራ ዝርዝሩ (በቢጋሩ) ላይ የተጻፈውን ትተው ሕዝቡ ያሳያቸውን ተከተሉ። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክም ሕግ እስኪወጣ አልጠበቀም፣ ዓይኑንም አልጨፈነም። የደንበኛው ገንዘብ በአደራ ሒሳብ በንግድ ባንክ እንዲቀመጥ አድርጎ፣ እያየ ፈቀደ። ባንኮች በ2008 መጨረሻ ይታገድልን ብለው ሲጮሁ አገልግሎቱ ተመረመረ፤ እንዲቀጥልም ተወሰነ። የውጭ ገንዘብና የውጭ ባለሙያ እዚህም ነበሩ፤ ወሳኙ ግን ናይሮቢ ነበር።

ጊዜ የለንም የሚል ሦስተኛ ተቃውሞ አለ፤ ለጋሾች በሦስትና በአራት ዓመት ፕሮጀክት ይሠራሉ፣ ተቋም ግን በትውልድ ይገነባል። ልክ ነው። በሳዑዲ ከብሎወርስ በኋላ ከ1958 ጀምሮ ኤጀንሲውን የመሩት ከገንዘብ ድርጅቱ የመጡት ፓኪስታናዊው አንዋር አሊ ነበሩ፤ የአገሩ ተወላጅ አብዱልአዚዝ አልቁረይሺ የተኳቸው በ1974 ነው። በኛም አገር የውጭ ዜጎች ከመሩት ዘመን ተነሥቶ፣ ብሔራዊ ባንክ በ1964 ራሱን ችሎ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ገዢ አቶ ምናሴ ለማ ሆኑ። ያንግ በቻይና ብዙ ዓመት ቆይተው እንኳ ጦርነቱና የመንግሥት ገንዘብ ማተም ያመጡትን የዋጋ ንረት አላቆሙትም፤ ስለዚህ ረጅም ቆይታም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ግን በአጭር ውል ውስጥም የሚቻል ነገር አለ፤ የሚወሰነው ውሉ ሲጻፍ ነው።

አሁን ውሎቹ እየተጻፉ ነው። የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ በታኅሣሥ 2024 በምክር ቤቱ ጸድቋል፤ የካፒታል ገበያው በጥር 2025 ተከፍቷል። የብድር ጥራት ምርመራ፣ የአስቀማጮች ዋስትና፣ የባንክ ማፍረሻ ሥርዓት፣ የውጭ ባንክ ፈቃድ አሰጣጥ፣ ሁሉም አማካሪ ይጠሩበታል፤ ከእናንተም ብዙዎቹ በአንዱ ወይም በሌላው ወገን ትቀመጣላችሁ። በአማካሪው ወገን የምትቀመጡ፣ በተለይም ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን የምትመጡ ያገር ልጆች፣ አማርኛ መቻላችሁ ብቻ ያገር ዕውቀት አይሆንላችሁም፤ የመርካቶ ነጋዴ ገንዘቡን ከባንክ ይልቅ በዕቁብ የሚያስቀምጥበትን ምክንያት ቁጭ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በብሔራዊ ባንክ ወገን የምትቀመጡ ደግሞ ቢጋሩን አማካሪው እንዲጽፍላችሁ አትፍቀዱ። እያንዳንዱን የስሌት ፋይል ከነቀመሩ ተረከቡ፤ ያለቀ ሪፖርት ብቻ አትቀበሉ። ከእያንዳንዱ የውጭ ባለሙያ ጎን ስሙ በውሉ የተጻፈ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ይቀመጥ፤ በመጨረሻው ወር ስሌቱን ያ ኢትዮጵያዊ ብቻውን ደግሞ ይሥራው፤ ውጤቱንም በቦርዱ ፊት ቆሞ ያስረዳ፤ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ይሁን። በዚህ ቅድመ ሁኔታ የማይስማማ ድርጅት ቢኖር፣ ዋጋው ዝቅተኛ ቢሆንም ጨረታው ለሌላ ይሰጥ።